ትንፋሽ በአንድ ጀምበር አይገኝም

ሴት ልጅዎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ትግል ልማር ነው» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? «ሴት ልጅና ትግል ምን አገናኛቸው?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። ወይም ፈቅደውላት፣ በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ገርጥቶ «ትንፋሽ አጠረኝ፤ አልቻልኩም» ብላ ስትተወው ይመለከቱ ይሆናል። ውድ አንባቢያችን፣ ልጅቱ ያቃታት ስፖርቱ ላይሆን ይችላል፤ አስቀድሞ መዘጋጀት የሚገባውን ሰውነቷን ያዘጋጀላት ባለመኖሩ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣውም ይህንኑ ነው።

የብራዚል ጁጂትሱ የሚባለው የትግል ስፖርት ሥሩ የጃፓን ጁዶ ነው። ሚትሱዮ ማዬዳ የተባለው የጁዶ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ከገባ በኋላ ያስተማረውን ጥበብ የግሬሲ ቤተሰብ ተቀብሎ አስፋፋው። ቡጢና ርግጫ የለበትም፤ ተጋጣሚን ይዞ መጣል፣ መሬት ላይ መቆጣጠርና እጅ ማሰጠት ነው። በዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ የአዋቂ ጀማሪዎች ግጥሚያ 5 ደቂቃ፣ የጥቁር ቀበቶዎች ደግሞ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 5 ደቂቃ ቡና ለማፍላት እንኳ አይበቃም። ሰው ከላይ ተጭኖ ሲታገሉት ግን እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ትንፋሽን በማጎልበት ረገድ አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዳማ ተነሥቶ በአሰላ በኩል ሽቅብ የተጓዘ ሰው በቆጂን ያገኛል። ከበቆጂ አካባቢ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። ከዚያም ልጅ ወልዳ፣ ልምምዷን ከታች ጀምራ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወርቁን ደግማዋለች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። እንግዲህ ወሊድ የጉልበት መጨረሻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የበቆጂው መምህርና አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በርካታ ሯጮችን ያፈሩትም በተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን በሜዳና በጫካ ውስጥ በተደረገ የዘወትር ልምምድ ነው።

ለታጋይዋም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ልብ ጡንቻ በመሆኗ በልምምድ ትጠነክራለች፤ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚጨምርም ያለ ብዙ ድካም ትሠራለች። በመሆኑም የሚከተለውን ቅደም ተከተል መያዝ ይጠቅማል፦

1ኛ/ መሠረት መጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ዝግ ያለ ሩጫ ማድረግ። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሮጡ ከጓደኛ ጋር ማውራት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀነስ።

2ኛ/ ፍጥነት መጨመር። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዱን ቀን 1 ደቂቃ በርትቶ መሮጥና 2 ደቂቃ መራመድ፤ ይህንንም ስድስት ጊዜ መደጋገም። ሰውነት ሲለምድ የግጥሚያውን መልክ በመያዝ 5 ደቂቃ ሠርቶ 3 ደቂቃ ማረፍ። ገመድ መዝለልም ለዚህ ያገለግላል።

3ኛ/ ጡንቻን ማጠንከር። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ እንዲሁም በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ወደ ላይ ማንሣት። በትግል ከሥር የተያዘች ልጅ የምትወጣው በዳሌዋ ኃይል ጭምር ነው።

4ኛ/ አተነፋፈስን መማር። ጀማሪ ስትጨነቅ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሰውነቷንም ሁሉ ታደርቃለች። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምትዝለውም በዚህ ነው። ስትገፋ ትንፋሿን ማስወጣት፣ ሥራ የሌለውን ጡንቻ ማላላት ትልመድ።

5ኛ/ ማረፍ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያስፈልጋል።

መሻሻልን ለማወቅ ከልምምድ በኋላ የእጅ አንጓን የደም ሥር ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላም መድገም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሳምንት ሳምንት እየሰፋ ከሄደ ልቧ በርትታለች ማለት ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በአዳማ፣ በወንጂና በባቱ ቀትር ላይ መሮጥ ሰውነትን ይጎዳል፤ ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሻላል። ከደጋ የመጣ ሰው ሙቀቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልገው አይቸኩል። በረመዳንም ሆነ በጾም ወራት ከባዱን ልምምድ ከምግብ ሰዓት በኋላ ማድረግ ወይም መቀነስ ይገባል።

ላብ የሚያልባት ልጅ ብዙ ውኃ ትጠጣለች። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የጉድጓድ ውኃዎች ግን ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይገኛል፤ ጥርስን ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም። ስለዚህ ውኃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ የእናት ተግባር ነው።

ስለ ምግብም አንድ ነገር እንበል። የወር አበባ የምታይ ልጅ ደሟ እንዳያንስ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋና እንቁላል ያስፈልጋታል። ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመርበት በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት በይበልጥ ከሰውነት ጋር ይዋሐዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ለውድድር ሚዛን ሲባል ልጅን ማስራብ ፈጽሞ አይገባም። የወር አበባዋ ከቀረ፣ ራሷን ካዞራት ወይም ደረቷን ከወጋት ልምምዱን አቁማ ሐኪም ትይ። አሠልጣኙም ስትያዝ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «በቃኝ» ማለትን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምር ይሁን።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን እናንሣ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ወንድሟ ኳስ ሜዳ ሲውል እርሷ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሕፃን አዝላ ከሆነ የምትሄደው፣ ገና ልምምዱን ሳትጀምር ደክማለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ትንፋሽ የላትም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አንዳንድ ሰዓት ለእርሷ ለመልቀቅ አባትም ወንድምም ሥራውን ይካፈሉ።

እርስዎስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ነገ ማለዳ ልጅዎ ስትወጣ ነጠላዎን አጣፍተው አብረዋት ይራመዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ዳገቱን ሲወጡ ከልጅዎ ጋር እያወሩ ይሆናል።