የሕፃን እግር አያያዝና የጭን ደም መልስ

በጠና የታመመ ሕፃን ከክንዱና ከእጁ ጀርባ ደም ሥር ሲታጣ፣ ወይም በቀጭን ደም ሥር ሊሰጡ የማይገባቸው ብርቱ መድኃኒቶች ሲታዘዙለት፣ ሐኪሞች ካቴተር የተባለውን ቀጭንና ለስላሳ ቱቦ በብሽሽቱ በኩል ወደ ጭን ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ከእግር ወደ ልብ ወደሚመልሰው ትልቅ ሥር፣ ያስገባሉ። ቦታው ከደረት የራቀ ስለሆነ ሳንባን የመብሳት ስጋት የለውም፤ ልጁን የሚያስተነፍሰውንም ሆነ ደረቱን የሚጫነውን ባለሙያ አያውክም፤ ደም ቢፈስም በጣት ተጭኖ ማቆም ይቻላል። በመርፌው ውስጥ መሪ ሽቦ አሳልፎ፣ መርፌውን አውጥቶ፣ ቱቦውን በሽቦው ላይ የማንሸራተቱ ዘዴ ስዊድናዊው የራጅ ሐኪም ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሲሆን፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገኝ እዚህ መዘርዘሩ አስፈላጊ አይደለም። መጻሕፍቱ በአንድ መስመር የሚያልፉት፣ ሥራው መቃናት አለመቃናቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው፣ መርፌው ከመነሳቱ በፊት የልጁ እግር እንዴት እንደተያዘ ነው።

ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚይዘው ቅደም ተከተል ከጭኑ ውጫዊ ጎን ወደ ውስጥ ሲቆጠር ነርቭ፣ ደም ቅዳ፣ ደም መልስ የሚል ነው። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም ተሸክሞ በጣት ሥር የሚመታው ሥር ሲሆን፣ ምቱ ከተገኘ በኋላ በሕፃን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተጠግቶ መውጋት ደም መልሱን እንደሚያገኝ ይታመናል። ቅደም ተከተሉ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ሁለቱ ሥሮች ምንጊዜም ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ በመካከላቸውም ክፍተት አለ ብሎ ማሰቡ ነው። በሕፃናት ላይ በአልትራሳውንድ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ደም ቅዳው በብዙ ልጆች ላይ የደም መልሱን ጠርዝ፣ አንዳንዴም ሙሉ ስፋቱን፣ ከላይ ሸፍኖት ይገኛል። መደራረቡ ደግሞ ከብሽሽት ጅማት ወደ ጉልበት አቅጣጫ በወረዱ መጠን እየባሰ ይሄዳል። የጨቅላ ሕፃን ደም መልስ ስፋቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ የዚህ እኩሌታ በደም ቅዳ ሲሸፈን ለመርፌው የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ «ምቱን አግኝቼ ጎኑን ወጋሁ፣ የመጣው ግን ደም ቅዳ ነው» እያለ የሚገረም ባለሙያም እጁን ከመውቀሱ በፊት የልጁን እግር ቢመለከት ይሻለዋል።

እግሩ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ መደራረቡ ይጸናል። ጭኑ ወደ ጎን ሲከፈት፣ ወደ ውጭ ሲዞርና ጉልበቱ ሲታጠፍ ግን ሁለቱ ሥሮች ይራራቃሉ። ይህ አቀማመጥ የእንቁራሪት አቀማመጥ ይባላል፤ የልጁ ጉልበት ወደ አልጋው ዝቅ ይላል፣ ተረከዙም ወደ ሌላው እግር ይጠጋል። ለውጡ በአልትራሳውንድ መስኮት ላይ በግልጽ ይታያል፤ እግሩ ተዘርግቶ ሳለ ክብ ሆኖ የሚመታው ደም ቅዳ ሞላላውን ደም መልስ ከፊሉን ተጭኖት ይታይና፣ ረዳቱ ጉልበቱን አጥፎ ጭኑን ቀስ ብሎ ሲከፍት ሞላላው ከሥሩ እየተንሸራተተ ወደ ውስጠኛው ጎን ይወጣል። መደራረቡ በሁሉም ልጅ ላይ ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ስላልሆነ መሣሪያው ያለው ሰው አይቶ ሊወጋ ይገባል፤ ሲያይም የመሣሪያውን ራስ አጥብቆ አይጫን፣ ደም መልሱ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በትንሽ ጫና ተደፍጥጦ ከመስኮቱ ይሰወራልና።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት የመውጊያው ከፍታ ነው። የብሽሽት ጅማት ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ ተነስቶ እስከ ብልት አጥንት ጉብታ ድረስ የሚዘረጋ ሲሆን፣ መርፌው ከዚህ መስመር በታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ላይ ወደ እምብርት አቅጣጫ ይገባል። ወፍራም ሕፃን ብሽሽቱ ላይ የሚታየው የቆዳ እጥፋት ጅማቱ አይደለም፤ ከጅማቱ በታች የሚገኝ በመሆኑ እርሱን ተከትሎ የሚወርድ ሰው ሥሮቹ ይበልጥ ወደሚደራረቡበት ቦታ ይደርሳል። ከጅማቱ በላይ መውጋት ደግሞ በጣት ሊጫኑት በማይቻል ስፍራ ደም ወደ ሆድ ውስጥ እንዲፈስ ሊያደርግ ስለሚችል የባሰ ነው። እጥፋቱን ለመዘርጋት የተጠቀለለ ፎጣ ከመቀመጫው ሥር ማድረግ ይበቃል።

የአልጋውን ራስጌ ዝቅ የማድረጉ ልማድም ከአንገት ደም ሥር ሥራ ሳይታሰብበት የተወሰደ ነው። ራስጌ ዝቅ ሲል የአንገቱ ሥር ይሞላል፣ የጭኑ ግን ይጎድላል፤ ስለዚህ ለብሽሽት ሥራ፣ የልጁ የደም ግፊት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ራስጌው ጥቂት ከፍ ሊል ይገባል። ልቡ ቆሞ ደረቱ እየተጫነ ባለ ልጅ ላይ ደግሞ ብሽሽት ላይ የሚዳሰሰው ምት ከደም ቅዳው ሳይሆን ወደ ኋላ ከሚገፋው የደም መልስ ደም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከምቱ ጎን የወጋ ሰው ባዶ ቢያገኝ ምቱን ራሱን መውጋት ተገቢ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ግን በአጥንት ውስጥ የሚገባው መርፌ ስለሚፈጥን ብዙውን ጊዜ እርሱ ይቀድማል።

እግር መያዝ ለመጨረሻው ተማሪ የሚጣል ሥራ አይደለም። ያዡ ጉልበቱንና ዳሌውን ይዞ ከመጀመሪያው ውጊያ ቱቦው እስኪገባ ድረስ ሳያንቀሳቅስ መቆየት አለበት፤ ሽቦው እየገባ ሳለ ደክሞት እግሩን የሚለቅ ረዳት በሚሊሜትር የተለካውን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል። ማስታገሻና የቦታ ማደንዘዣ ያላገኘ ልጅ ስለሚታገል መያዙ ወደ ጉልበት ፍልሚያ ይለወጣል፤ ጭኑ አልከፈት ካለም ዳሌው በተፈጥሮው ያልተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ እንጂ በግድ መከፈት የለበትም። ዳይፐሩ ሲፈታ ሕፃኑ መሽናቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ብልቱን በንጹሕ ጎዝ ሳይሸፍኑ ቆዳውን በፀረ ተሕዋስያን መጥረግ የሚጀምሩ ጥንቃቄ የጎደላቸው ሰዎች ዛሬም አይታጡም።

ቱቦው ከገባ በኋላ እግሩ ተመልሶ ይዘረጋል፤ በእንቁራሪት አቀማመጥ ደም ያለ ችግር የሰጠ ካቴተር በዚህ ጊዜ ብሽሽቱ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ስለሆነም ከመሰፋቱ በፊት እግሩ እንደተዘረጋ ደም በቀላሉ መሳቡ ይፈተሻል፤ ከዚያም የእግሩ ጣቶች ቀለምና ሙቀት፣ የጭኑም ውፍረት ከሌላኛው እግር ጋር እየተነጻጸረ በየጊዜው ይታያል፣ መገርጣትና መቀዝቀዝ የደም ቅዳ ጉዳት፣ ማበጥ ደግሞ ደም በሥሩ ውስጥ የመርጋቱ ምልክት ሊሆን ይችላልና።