የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር አሠለጣጠን በሦስት አገሮች

የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት በየአገሩ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ልጆች በሜዳ ተሰልፈው ሲዘሉና ሲሮጡ ይታያሉና። ነገር ግን መምህሩ ራሱ የሚሠለጥንበት መንገድ እንደ አገሩ ታሪክና አሳብ ይለያያል። ይህንንም ለማስረዳት ሦስት አገሮችን እናነጻጽራለን፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በስዊድን ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ከተማ የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ አቋቋመ። አሠራሩ በአካል ጥናት ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፥ ሠልጣኙ እንቅስቃሴውን ከመሥራት በቀር ለሰውነት የሚሰጠውንም ጥቅም ማወቅ ነበረበት። ከ1864 ጀምሮ ሴቶችም በዚያ ሠለጠኑ።

ከእነዚህም አንዷ ማርቲና በርግማን ኤስተርበሪ በ1885 በለንደን ለሴት መምህራን ኮሌጅ ከፈተች፤ በ1895ም ወደ ዳርትፎርድ አዛወረችው። በእንግሊዝ አገር ግን ጨዋታ እንደ ጠባይ ማረሚያ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ሠልጣኞቹ ከስዊድን ጂምናስቲክ ጋር ሆኪና ክሪኬት ተማሩ። ትምህርቱ ባሕር ሲሻገር መልኩን ለወጠ ማለት ነው።

በጃፓን ደግሞ መንግሥት በ1878 በቶኪዮ የጂምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ፥ አሜሪካዊውን ሐኪም ጆርጅ ሊላንድን አስመጣ። እርሱ ያስተማረው ለጤና የሚሆን ቀላል ጂምናስቲክ ነበር። ሞሪ አሪኖሪ የትምህርት ሚኒስትር በሆነ ጊዜ ግን፥ በ1886 የወታደር ሰልፍ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ገባ፤ ዓላማውም ታዛዥነትን ማሳደር ነበር። ከ1945 ሽንፈት በኋላ ይህ ሰልፍ ከትምህርት ቤት ወጣ።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ ማሠልጠኛው ልጁን በምን ዓይን እንደሚያየው የሥልጠናውን ይዘት ይወስነዋል። ለስዊድኑ ልጁ በሥርዓት የሚያድግ አካል ነው፤ ለእንግሊዙ ተጫዋች፤ ለዚያ ዘመን ጃፓን ደግሞ የነገ ወታደር። ትእዛዝ ብቻ የተማረ መምህርም በሜዳ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ሥርዓተ ትምህርት ከውጭ ሲመጣ የመጣበትን አገር አሳብ ይዞ ይመጣልና፥ ምን እንደ ያዘ መመርመር ይገባል። የእኛ ልጆች በገና ጨዋታ ሩጫን፥ የእጅና የዓይን ቅንጅትን፥ መተባበርንም ይለማመዳሉ። ዕጩ መምህር የአካልን ጥናትና የማስተማርን ልምምድ ከእንዲህ ያለው የአገር ጨዋታ ጋር አስተባብሮ ቢማር፥ መሣሪያ በሌለበት መንደር እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም።