በረዶ በሌለበት ምግብ እንዴት ይከርማል?

መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ በጉራጌ ወዳሉት ወልቂጤና ቡታጅራ የሚሄዱ አውቶቡሶች ይጨናነቃሉ። ለመስቀል አገሩ የሚገባውን ነጋዴ ክትፎና ቆጮ ይጠብቀዋል። ቆጮው ግን ለበዓሉ ተብሎ ትናንት የተሠራ አይደለም፤ እንሰቱ ከወራት በፊት ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት የከረመ ነው።

ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን ካናዳ የአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ የቱክቶያክቱክ መንደር ነዋሪዎችም መሬት ቆፍረው ምግብ አክርመዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚቆየው መሬት ውስጥ ለዓሣና ለሥጋ ማስቀመጫ ጥልቅ ጎተራ አበጁ። ያኔ መኪና ወደ መንደሯ የሚደርሰው ብርዱ በርትቶ ወንዙና ባሕሩ ሲጠጥር ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው በካናዳ፣ በኑናቩት ግዛት ያሉትን 25 መንደሮች ግን ዛሬም የሚያገናኛቸው መንገድ የለም፤ ዕቃ የሚመጣላቸው በአውሮፕላን፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ በመርከብ ነው።

 

የጉራጌ መሬት ግን በረዶ አይሆንም። ታዲያ ቆጮው ለምን አይበላሽም?

ሥራውን የሚሠራው አሲድ ነው። የተፋቀው እንሰት በስታርች የበለጸገ ነው፤ ስኳርም አለው። አየር እንዳይገባው ተጠቅጥቆ ሲቀበር እነ ላክቶባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነት መለኪያ የሆነው የሊጡ ፒኤች ከ6 ገደማ ተነሥቶ ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሊጡ ይኮመጥጣል።

ይህ ቁጥር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ በዓለም ዙሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል፣ አየር የሌለበት ቦታም ይስማማዋል። ፒኤች ከ4.6 በታች ሲወርድ ግን ማደግ አይችልም። ሥጋ ከስታርችና ከስኳር የራቀ ስለሆነ ቢቀበር እንደ እንሰት አይኮመጥጥም፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። የባሕር እንስሳትን ሥጋ አብላልተው በሚበሉት የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝቦች በኢኑዊቶች ዘንድ ቦቱሊዝም በተደጋጋሚ የታየው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ሁሉ ያለ መለኪያ የሚመሩት የጉራጌ ሴቶች ናቸው። ጉድጓዱን እየከፈቱ ቅጠሉን ይለውጣሉ፣ መብሰሉን በጠረኑና በመልኩ ይለያሉ። ብርዳማው ደጋ ላይ መብላላቱ ረጅም ወራት እንደሚፈጅ፣ ሞቃት ቦታ ላይ ግን ሳምንታት እንደሚበቁት ያውቃሉ። የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ሊባሉ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።

ሁለቱም ጓዳዎች ዛሬ ሥጋት አለባቸው። በካናዳ የምድር ሙቀት ሲጨምር በረዷማው መሬት እየቀለጠ ነው። በጉራጌ ደግሞ ጉዳቱ የሚመጣው በእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ከተክል ወደ ተክል በቢላዋ ይተላለፋል፣ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ገበሬው የሚችለው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን ጤነኛ ተክል ከመንካቱ በፊት እሳት ላይ ማጋል ነው።