ዕቁቡ ወጣ፣ ኮምፒዩተሩ ተመረጠ… ፊልሙስ በምን ይታያል?

የዕቁብ ብር ጠላቱ ብዙ ነው። ዕጣው ሳይወጣ ግማሹ በሐሳብ ያልቃል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ባለሱቁ ሁሉ አማካሪ ነው። በተለይ ባለዕጣው ወጣት ከሆነና «ሳሎኔ ውስጥ ፊልም የማይበት ኮምፒዩተር ልገጣጥም» ካለ አለቀለት! አንዱ «ኮር አይ 7 ካልሆነ እንዳትነካው» ይለዋል። ሌላው «ግራፊክስ ካርድ የሌለው ምኑን ኮምፒዩተር ሆነ?» ይላል። ምስኪኑ ባለዕጣም የማይፈልገውን ይገዛና የሚፈልገው ዘንድ ሳይደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

ዳንግላ የሚኖሩ ባልና ሚስት በዚሁ ጉዳይ ሦስት ቀን ተኳርፈው ነበር። ታሪኩን ያጫወቱኝ ሁለቱም ናቸው፤ እሷ እየሳቀች፣ እሱ እያፈረ። እሱ ሞባይል ይጠግናል፣ እሷ አስተማሪ ናት። ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዕቁቡን የሚጥሉት በጋራ ነው። ዕጣው እንደወጣ ባል ሆዬ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ ወረቀት ይዞ መጣ። ኮር አይ 7፣ የጌም ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋ ራም፣ ውስጡ መብራት ቦግ እልም የሚል ባለመስታወት ኬዝ… ድምሩ ከዕቁቡ ብር ጋር እኩል! ሚስት ወረቀቱን አነበበችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ይሄ ሁሉ በየትኛው ቴሌቪዥን ነው የሚታየው?»

ለካስ ቤታቸው ያለው፣ ወንድሟ አዲስ ሲገዛ የሰጣቸው ባለ 24 ኢንች ነው። ባል «እሱን በሚቀጥለው ዕቁብ እንገዛለን» አለ። ሚስት «እስከዚያ ቁጭ ብለን ሳጥኑን ልናይ ነው?» አለች። ኩርፊያው ከዚያ ጀመረ።

እንግዲህ ባልና ሚስት መሸምገል የኔ ሥራ አይደለም። ስለ ዕቃው ከሆነ ግን ሚስት ልክ ናት። ፊልም ማያ ኮምፒዩተር የሚታቀደው ከሳጥኑ ተነስቶ ሳይሆን ከሶፋው ተነስቶ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ የፊልሙ ማስቀመጫ፣ በመጨረሻ ሳጥኑ። ለምን እንደሆነ በተራ እንየው።

ሶፋውና ግድግዳው

ሜትር አምጡና ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት ለኩ። ያገኛችሁትን ለሁለት አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚለካው የስክሪኑ ስፋት ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 2 ሜትር ከ20 ከሆነ ግማሹ 110 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 43 ኢንች ማለት ነው። 2 ሜትር ከ80 ከሆነ ባለ 55 ኢንች ይስማማዋል። ይሄ ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው፤ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ማንም አይከሳችሁም።

ስለ «ፎር ኬ» ደግሞ አትጨነቁ። ፉል ኤች ዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ ፎር ኬ 3840 በ2160፣ ማለትም አራት እጥፍ። ቁጥሩ ያጓጓል። ነገር ግን ባለ 43 ኢንችን ከሁለት ሜትር በላይ ርቃችሁ ስታዩ ልዩነቱን ለመለየት የንስር ዓይን ያስፈልጋችኋል። በዚያ ላይ አብዛኛው የምታዩት ፊልም ፎር ኬ አይደለም።

ድምፅ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቀጫጭኖቹ ቴሌቪዥኖች ስፒከራቸው ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች የዞረ ስለሆነ ንግግሩ ይታፈናል። ባለሱቁ መፍትሔው «5.1» ነው ይላችኋል፤ አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ። ታዲያ ከአምስቱ ሁለቱ ከተመልካቹ ጎንና ኋላ የሚቀመጡ ናቸው። የኛ ሶፋ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚኖረው! የኋላዎቹ ቡፌ ላይ ተደርድረው አበባ ማስቀመጫ ይሆናሉ። ሁለት ጥሩ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ልክ አድርጉ። ከበቂም በላይ ነው።

መብራትና መብረቅ

ስለ መብራት ሳያስቡ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው፣ ስለ ውኃ ሳያስብ በሬ እንደሚገዛ ገበሬ ነው። መብራት ሲሄድ ያናድዳል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ሲመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ቮልቴጅ መጠበቂያ ያለው ማከፋፈያ ከተራው ዲቫይደር ጋር አንድ አይደለም፤ ለይታችሁ ግዙ።

ዩፒኤስ ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩ አያታላችሁ። 650 ቪኤ የሚል የተጻፈበት 650 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ነው። ትንሽ ሚኒ ኮምፒዩተር ፊልም ሲያሳይ 20 ዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ሲጨመር ወደ 100 ዋት ይጠጋል። በቀን 4 ሰዓት ብታዩ በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪያችሁ ላይ ይጨምራል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ግራፊክስ ካርድ የተሸከመው ሳጥን ግን ፊልም ብቻ ሲያሳይ እንኳ የሚኒውን ብዙ እጥፍ ይበላል፤ ዩፒኤሱንም ቶሎ ያራግፈዋል።

ምድር ሽቦ የሌለው ቤት ብዙ ነው። የኮምፒዩተሩን ብረት ስትነኩት «ነዘር» የሚያደርጋችሁ ከሆነ ሦስተኛው ሽቦ ሥራ ላይ አይደለም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩና አስተካክሉ፤ ይሄ የፊልም ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። የአዊ ክረምት ደግሞ ነጎድጓዱን ታውቁታላችሁ። መብረቅን የሚያቆም ማከፋፈያ የለም። ሰማዩ ሲያጉረመርም የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን ከዲሹ የሚመጣውን ገመድም ንቀሉ። ብዙ ሰው የዲሹን ይረሳል።

ፊልሙ የት ይቀመጥ?

«ኢንተርኔት እያለ ምን ማስቀመጫ ያስፈልጋል?» የሚል ካለ 2015 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ቆየ። በሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ፊልሙን አየ፤ በኢንተርኔት የሚተማመነው ጣሪያ ቆጠረ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጥሩ ጥራት ያለው የሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ቢወስድ 7.2 ጊጋ ባይት ይሆናል። በአንድ ቴራ ባይት ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ 130 ፊልም ይገባል። በሳምንት ሁለት ብታዩ ከዓመት በላይ ያስኬዳችኋል። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ዲስክ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ግዙ፤ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ሃርድ ዲስክ ሲሞት አያስታምምም።

ፍላሽ ላይ «ማስጫን» የለመድን ስለሆንን አንድ ነገር ላንሳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ፊልምን ያለባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። አማርኛ ፊልም የሚሠሩት እንደኛው በልቶ አዳሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሥራቸውን ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ያወጣሉ፤ እዚያ ብታዩላቸው እነሱም ይጠቀማሉ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከመጣባችሁ ፊልሙ ተበላሽቷል አትበሉ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ሠንጠረዥ ከሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት፣ ማጫወቻው ላይም እንደ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ያለ ፊደላችንን የያዘ ፎንት ምረጡ። ይስተካከላል።

በመጨረሻ ሳጥኑ

አሁን ወደ ባልየው ወረቀት እንመለስ። ፊልም ማሳየት ለዘመኑ ኮምፒዩተር ቀላል ሥራ ነው። ፊልሙ ታጭቆ የተቀመጠ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይህንኑ ብቻ የሚፈታ ክፍል አለ። ይህ ክፍል የፊልሙን ዓይነት ካወቀው ሳጥኑ ሳያልበው ያሳያል። ካላወቀው ዋናው አንጎል ሸክሙን ይሸከምና ምስሉ ይንተባተባል።

ዛሬ በብዛት የሚገኙት ኤች 264 እና ከሱ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤች 265 ናቸው። ባለ 10 ቢት የሚባለውን ኤች 265 ጭምር የሚፈቱት ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 7 በስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ይበለጣል! ባለሱቁ «አይ 7 ነው» ሲላችሁ «የስንተኛው ትውልድ?» በሉት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግራችኋል፤ 8100 ካለ ስምንተኛ፣ 3770 ካለ ሦስተኛ፣ 10100 ካለ አሥረኛ ነው።

እኔ ስምንተኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን እመክራለሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ በታች አይቀበልም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሚኒ ኮምፒዩተሮች፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ያሉት፣ ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስላሉ። 8 ጊጋ ራምና ለሲስተሙ ትንሽ ኤስ ኤስ ዲ ይበቃል። ማጫወቻዎቹ ኮዲና ቪኤልሲ በነፃ ነው የሚገኙት።

ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ። ስክሪኑ የተሰበረ ነገር ግን የሚሠራ ላፕቶፕ ካገኛችሁ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ይሆንለታል፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ የራሱን ዩፒኤስ ይዞ መጣ ማለት ነው።

ስትገዙ ግን እዚያው ሞክሩ። ከዳንግላ ባህር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አበላሽቶ የገዛ ሰው መመላለሻው ዕዳ ነው። ኤች 265 ፊልም የያዘ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አጫውቱት። ከኋላ ኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያ እንዳለው እዩ፤ አንዳንዶቹ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ስላላቸው መለወጫ ይፈልጋሉ። ቪጂኤ ካገኛችሁ ምስል እንጂ ድምፅ አይወስድም። ቤት ስታደርሱትም ቡፌ ውስጥ አትቆልፉበት። ዳንግላ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ማቀዝቀዣው የሚሠራው በዚያው ልክ በችግር ነው። ዙሪያውን ክፍት ቦታ ስጡት።

ባልና ሚስቱ በአራተኛው ቀን አንድ ወረቀት ላይ አብረው ጻፉ። ባለ 43 ኢንች፣ ሁለት ስፒከር፣ ዩፒኤስ፣ ሁለት ዲስክ፣ ያገለገለ ሚኒ። ብሩ ሁሉንም ያዘ። ባልየው መብራት ቦግ እልም የሚለውን ኬዝ አሁንም ይመኛል፤ ይመኝ!

ከሆሊውድ የሚበልጠው ፊልም

አንድ ነገር ልጨምር። በየቤቱ ቡፌ ሥር የተቀመጡ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ፤ የእናትና አባት ሠርግ፣ የክርስትና ድግስ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ። ይቺው አስተማሪ በወላጆቿ ካሴት ላይ አባቷ ሲመርቁ የሚሰሙበት ቦታ እንዳለ ታውቃለች፤ የምታይበት ዴክ ግን አልነበራትም። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ዴክ መሥራት ካቆመ ወዲህ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። ካሴቱ ደግሞ በእርጥበት ይሻግታል።

የሚሠራ ዴክ ተዋሱ። ምስሉን ወደ ኮምፒዩተር የምታስገባውን ትንሽዬ የዩኤስቢ ዕቃ ግዙ። ሦስቱን ገመድ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ፣ ሰኩና ቅዱ። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ግን ዝም ብላችሁ አትክተቱ፤ ዴኩንም ያበላሻል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል በሞባይላችሁ የቀረጻችሁትንም እዚያው ጨምሩት፤ ሞባይል ይጠፋል። ሁለተኛውን ዲስክ ሌላ ቤት፣ ለምሳሌ እናታችሁ ዘንድ አስቀምጡ።

ፊልም ከየትም ይገኛል። የአባት ምርቃት ግን ቅጂው አንድ ነው፤ ስለዚህ ዲስኩ ከግራፊክስ ካርዱ ይቅደም። ሱቅ ስትገቡም ባለሱቁ ስለ ሳጥኑ ከመጀመሩ በፊት የሶፋችሁን ርቀት ንገሩት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!