የእጅጋየሁ ደጋፊ ነኝ

አሰላ ላይ ታዳጊ ሯጮችን የሚያሠለጥን ሰው የታላላቆቹን ስም ሳይሰማ አይውልም። ልጆቹ የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርሱ እየሮጡ ስም ይከፋፈላሉ። አንዷ ጥሩነሽ ነኝ ትላለች፣ ሌላዋ ደራርቱ፤ ወንዶቹ በኃይሌና በቀነኒሳ ይሻማሉ። እጅጋየሁ ነኝ ያለች ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። እኔ ደግሞ አርሲ ካፈራቻቸው ሯጮች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሷን ነው።

እጅጋየሁ ዲባባ የጥሩነሽና የገንዘቤ ታላቅ እህት ናት፤ የበቆጂ ልጅ። ጥሩነሽ ገና በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ያረፈችው እሷ ዘንድ ነበር። ዛሬ አሰላ ውስጥ በታናሽየዋ ስም የተሰየመ ትልቅ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ይገባታልም። የታላቅየዋ ታሪክ ግን ለሠልጣኞቻችን እምብዛም አይነገርም።

እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ሲነሳ የቀነኒሳና የመሠረት ወርቅ ይወራል። የሴቶቹን 10,000 ሜትር የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔ ያን ውድድር አልረሳውም። ቻይናዊቷ ሺንግ ሁዊና በ30:24.36 አሸነፈች፣ እጅጋየሁ በ30:24.98 ተከተለች፣ ደራርቱ ሦስተኛ ወጣች። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ወርቁን ከብሩ የለየው 62 መቶኛ ሰከንድ ነው! ሠልጣኞቼ በልምምድ መጨረሻ ላይ እግራቸውን ሲያላሉ ይህንን ቁጥር እነግራቸዋለሁ።

በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ፣ ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ተከታትለው ገቡ። በሳምንቱ ደግሞ በ5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ደረጃ ኢትዮጵያውያን ያዙት፤ ሦስተኛዋ አሁንም እጅጋየሁ ነበረች። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ሻምፒዮና ሁለት ጊዜ አብረው ለሽልማት ቆሙ። እንደ አሠልጣኝ ሰዓቱን ሳየው በረጅሙ ርቀት በእህትማማቾቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በአጭሩ ወደ አራት ይጠጋል። አጨራረስ ላይ ጥሩነሽን የሚስተካከል በዚያን ጊዜ አልነበረም። እጅጋየሁ ያ ፍጥነት ባይኖራትም ዙሩ ሲከር ከፊተኞቹ አትነጠልም ነበር። ይህ ችሎታ በየዕለቱ ሜዳ ላይ የምፈልገው ነው። አንድ ሺህ ሜትር ደጋግመን ስናስሮጥ የመጀመሪያውን በፍጥነት የሚጨርስ ልጅ ሞልቷል፤ የመጨረሻውንም በዚያው ሰዓት የሚደግም ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ ልቤ ይሞቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ የቺካጎው ታሪኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እጅጋየሁ የመጀመሪያ ማራቶኗን እዚያ ሮጠች። ሩሲያዊቷ ሊሊያ ሾቡኮቫ በ2:18:20 ቀድማት ገባች፣ እሷ በ2:22:09 ሁለተኛ ሆነች። በመጀመሪያ ማራቶን ይህ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው፤ አራት ደቂቃ ያህል በተቀደመች ሯጭ ግን ማን ይነጋገራል? ከዓመታት በኋላ ሩሲያዊቷ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተቀጣች፣ የዚያን ጊዜ ውጤቷም ተሰረዘ። ድሉም ለእጅጋየሁ ሆነ። የማጠናቀቂያውን መስመር ስታልፍ የሚገባት ጭብጨባ ለሌላ ሰው ሄዶ ነበር፤ ያንን የሚመልስላት የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወርቅ በበዛበት አገር ብርና ነሐስ እንደ ጉድለት ይቆጠራሉ። እኛ አሠልጣኞችም ልጆቹን የምናበረታታው በአሸናፊዎች ስም ብቻ ነው። ከአንድ መቶ ሠልጣኝ ኦሊምፒክ የሚደርሰው አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል፤ የቀሩት ልጆች ምን ስም ይዘው ይሩጡ?

ስለዚህ በየሜዳው ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ነገ ለልጆቹ ስለ ዲባባ ቤት ስታወሩ ከታላቅየዋ ጀምሩ። የ2011 የቺካጎ ማራቶን አሸናፊ እጅጋየሁ ዲባባ መሆኗንም ንገሩልኝ።