የቤተሰብ መልክ በፎቶግራፍ፦ ካሜራ ያገኘውና አደራደር የፈጠረው

ሕፃን ሲወለድ አራስ ለመጠየቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ መልኩ ነው። «ቁርጥ አባቱን»፣ «ዓይኑ የአያቱ ነው» ይባላል፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረትም ይከተላል። ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ወዲህ ይህ የቃል ምስክርነት በምስል የሚረጋገጥ መስሎ ይታያል፤ የአያትና የልጅ ልጅ ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ክርክሩ ያበቃ ይመስላልና። ይሁን እንጂ ምስሎቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው መመሳሰል ከፊሉ የውርስ፣ ከፊሉ ደግሞ የአሠራር ውጤት መሆኑን ማስረዳትና ተመራማሪው ሁለቱን የሚለይበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ሦስት ስልቶች

የቤተሰብን መልክ በፎቶግራፍ ለማሳየት ከተሞከሩት ስልቶች ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ፦ መደረብ፣ መግጠምና መደጋገም።

መደረብን ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ የተለያዩ ሰዎችን ፊት በዓይናቸው መስመር እያስተካከለ በአንድ የፎቶግራፍ ሳህን ላይ ደራርቦ ያነሣ ነበር። አንድ ምስል 80 ሴኮንድ ብርሃን የሚያስፈልገው ቢሆንና ስምንት ፊቶች ቢደረቡ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህም የጋራ የሆነው ገጽታ ይጎላል፤ የአንዱ ብቻ የሆነው ይደበዝዛል። ፈረንሳዊው አርተር ባቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ስልት የቤተሰብን፣ የጎሣንና የዘርን ዓይነተኛ መልክ ለማውጣት አቅርቦታል። ነገር ግን ከመደረብ የሚገኘው ፊት የማንም ፊት አይደለም። ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ቢደረቡም አንድ ወጥ የሆነ፣ «የቤተሰብ» የሚመስል ገጽ ይወጣል። ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1883 «ዩጂኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረ፣ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ይቻላል ብሎ የተነሣ ሰው መሆኑም ስልቱ ለምን ዓይነት ዓላማ ሊውል እንደሚችል ያሳስባል።

ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን በዚሁ ስልት የራሱንና የሦስት እህቶቹን ፊት አስደርቦ ነበር። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ሥራው ግን «የቤተሰብ መመሳሰል» የሚለውን ሐሳብ በሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች የሚመሳሰሉት ሁሉም በሚጋሩት በአንድ ምልክት ሳይሆን፣ አንዱ ከአንዱ በቁመና፣ ሌላው ከሌላው በዓይን ቀለም ወይም በአረማመድ በሚያደርጉት መጠላለፍ ነው። እዚህ ላይ አረማመድና ጠባይ በአንድ የቆመ ምስል የማይያዙ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

መግጠም በካናዳዊው የኩቤክ ፎቶግራፍ አንሺ ዩልሪክ ኮሌት ሥራ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሁለት ዘመዳሞችን ግማሽ ግማሽ ፊት በመሐል መስመር እያገናኘ አንድ ፊት አድርጎ አቅርቧል። በዚህ ስልት የዕድሜ ልዩነት አይጠፋም፤ የፀጉሩና የቆዳው ልዩነት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ዓይን፣ አፍንጫና አፍ እንዲገጣጠሙ ሆነው ስለሚቀርቡ ተመልካቹ ከሚለያየው ይልቅ የሚገናኘውን እንዲፈልግ ይመራል።

መደጋገም ደግሞ የአሜሪካዊው ኒኮላስ ኒክሰን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባለቤቱንና ሦስት እህቶቿን በየዓመቱ ከግራ ወደ ቀኝ በማይለወጥ ቅደም ተከተል አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አርባውን ምስል በአንድነት አሳይቷል። ቦታቸው ስለማይለወጥ ተመልካቹ እያንዳንዷን ከእህቶቿ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቀድሞ ራሷም ጋር ያነጻጽራል። በዚህ ሥራ ከፊት መመሳሰል ያላነሰ የሚናገረው የእጅ አጣጣል፣ የትከሻ መደጋገፍና የአቋቋም መቀራረብ ነው፤ ትስስር ከመልክ ተለይቶ የሚታየውም በዚህ ነው።

የተመልካቹ ድርሻ

ከስልቱ ሌላ የተመልካቹ እምነትም ይሠራል። በጣሊያን የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፓኦላ ብሬሳንና ማሪያ ዳል ማርቴሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የልጅና የአዋቂ ፎቶግራፍ እያዩ የመመሳሰሉን መጠን እንዲመዝኑ ተደርጓል። ስለ ዝምድናው የተነገራቸው ነገር አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ሐሰት ነበር። «ወላጅና ልጅ ናቸው» ተብለው ያመኑ ሰዎች የሰጡት ግምት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈው አንድ መስመር መግለጫ ራሱ መመሳሰልን ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው።

የፎቶ ቤቱ ሥርዓት

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሌላ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ ቀደምት ባለሙያዎች መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይጠቀሳል፤ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ሥራውንም ልጆቹ ቀጥለውበታል። በፎቶ ቤቶች በተለመደው አቀማመጥ ሽማግሌዎች በመሐል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎልማሶች ከኋላ ይቆማሉ፤ ሕፃናት ከፊት ይደረደራሉ። ይህ ሥርዓት ከመልክ ይልቅ ክብርንና ቅርበትን ያሳያል። የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ ወይም ከገጠር መጥቶ በቤቱ ያደገ ዘመድ በመሐላቸው ይቆማል፤ ሊመስላቸው ይገባል የሚልም የለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስሉን የሚመለከት ሰው ግን ሁሉንም የሥጋ ልጆች አድርጎ ከወሰደ፣ የሌለ መመሳሰል ማየት ሊጀምር ይችላል።

የጥንቃቄው አስፈላጊነት

ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ከሄዱት ልጆች መካከል አድገው የተወለዱበትን ቤተሰብ የሚፈልጉ አሉ። በእጅ ያለው መረጃ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን ፈላጊውም ተፈላጊውም ለማመን የተዘጋጁ ናቸው፤ ከላይ የተጠቀሰው ጥናት የሚያስጠነቅቀውም እንዲህ ያለውን ዝግጁነት ነው። በመልክ ብቻ «ተገናኘን» ተብሎ ቢሳሳቱ የሚጎዱት የተገናኙት ብቻ አይደሉም፤ ፍለጋው እዚያው ስለሚቆም እውነተኛው ቤተሰብም ሳይገኝ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ፍለጋውን ሊያስጀምር ይችላል፤ ዝምድናን የሚያረጋግጠው ግን የዘረመል ምርመራ ነው።

የቤተሰብ ፎቶግራፍን ለጥናት የሚጠቀም ተመራማሪም ቢያንስ አራት ነገሮችን ሊጠነቅቅ ይገባል። አንደኛ፣ ምስሎቹ ከምን ያህል ርቀት እንደተነሡ መመዝገብ አለበት፤ በቅርብ የተነሣ ፊት አፍንጫው ገዝፎ ስለሚታይ ከሩቅ ከተነሣ ፊት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ ወላጅና ልጅ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ዕድሜ ከተነሡት ምስል ሊነጻጸሩ ይገባል። ሦስተኛ፣ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ምስሎች ተቀላቅለው፣ ዝምድናውን ለማያውቁ ገምጋሚዎች ያለ መግለጫ መቅረብ አለባቸው። አራተኛ፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠና ያን ማን እንደወሰነ ከባለቤቶቹ ተጠይቆ ከምስሉ ጋር መጻፍ ይኖርበታል። የመጨረሻው በተለይ ጊዜ አይሰጥም፤ አልበሙን ገልጠው በምስሉ ያለውን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቁት አረጋውያን ናቸውና።