መስጂዳችን ለምን ያስተጋባል? ስፖንጅ ከመለጠፋችን በፊት



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ብዙዎቻችን የምንሰግድባቸው መስጂዶች ግድግዳቸው ልስን ወይም ሴራሚክ፣ ጣሪያቸው ኮንክሪት ነው። ኢማሙ ኹጥባ ሲያደርጉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከኋላና ከፎቅ ለሚቀመጡት ደግሞ ይብሳል። ኹጥባ የሚደመጠው ለመረዳት ነውና ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ መፍትሔ ተብሎ የሚነሳው ግድግዳው ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ነው። ይህ መፍትሔ ለምን አደገኛ እንደሆነና በምን መተካት እንዳለበት እንመልከት።

ድምፁ ለምን ይደበላለቃል?

ድምፅ ጠንካራ ግድግዳ ሲመታ አብዛኛው ይነጥራል። ስለዚህ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላም በአዳራሹ ውስጥ እየተመላለሰ ይቆያል፤ የእሱ ጭራ ቀጣዩን ቃል ይሸፍነዋል። ማይኩን ከፍ ብናደርገው ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላል።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይለይበትን አንድ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። ድምፅ በአዳራሹ 5.5 ሴኮንድ ያህል ይቆይ ነበር። ሳቢን የወንበር ትራሶችን እያስገባና እያወጣ ለካ። የደረሰበት ቀመር ቀላል ነው፦ የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 አባዝተን በውስጡ ላለው ጠቅላላ ድምፅ የመምጠጥ አቅም ስናካፍል ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ይወጣል።

ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ባዶ አዳራሽ እንውሰድ። ልስኑና ሴራሚኩ ከሚደርስባቸው ድምፅ 3 ከመቶውን ብቻ ይመጥጣሉ ብንል ድምፁ 6 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል። ወለሉ 20 ከመቶ በሚመጥጥ ምንጣፍ ሲሸፈን ወደ 2.3 ሴኮንድ ይወርዳል። ከግድግዳው 40 ካሬ ሜትሩን 90 ከመቶ በሚመጥጥ ነገር ብንሸፍን ደግሞ 1.1 ሴኮንድ ይሆናል። ለንግግር የሚፈለገው 1 ሴኮንድ አካባቢ ነው።

ስፖንጁስ?

ስስ ስፖንጅ የሚመጥጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙን እምብዛም አይነካውም። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ደግሞ ጥቅሙ ከዚያም ያነሰ ነው። ትልቁ ችግር ግን እሳት ነው። የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ አብዛኛው ፖሊዩሬቴን ነው። ሲነድ እሳቱ በፍጥነት ይዛመታል፤ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉ ገዳይ ጋዞች አሉት።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በ2013 ደግሞ በብራዚል ሳንታ ማሪያ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈ ስፖንጅ በርችት ተቀጣጥሎ በመጀመሪያው 100፣ በሁለተኛው 242 ሰዎች ሞተዋል። ቦታዎቹ ጭፈራ ቤቶች ነበሩ፤ ስፖንጅ ግን የትም ቢለጠፍ ያው ስፖንጅ ነው። መስጂድ ውስጥ ርችት ባይኖርም የተላጠ ሽቦ፣ የጋለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና የቡኹር ከሰል ሊኖር ይችላል። የጁሙዓ ቀን ሰዉ ስንት እንደሆነ፣ በሩም ስንት እንደሆነ እናውቃለን።

እርጥበትን አንርሳ

የውዱእ ቦታ ከመስገጃው ጋር የተያያዘ ነው፤ እግራችን እርጥብ ሆኖ እንገባለን፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ መስኮቱ ይዘጋል። ስፖንጅም ምንጣፍም ውሃ ይይዛሉ። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። የሻጋታ ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል። ሱጁድ ስንወርድ ደግሞ አፍንጫችን ምንጣፉ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. በመጀመሪያ ስፒከሮቹን ማስተካከል። አንድ ትልቅ ስፒከር ከማስጮህ ይልቅ ትናንሾቹን ወደ ሰጋጁ አቅርቦና ወደ እሱ አዙሮ በዝቅተኛ ድምፅ መጠቀም ይሻላል።

2. ከሥሩ ንጣፍ ያለው ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ። በውዱእ ቦታው በር ላይ እግር ማድረቂያ ማኖር፤ በየቀኑም መስኮት መክፈት። የአየሩ እርጥበት ከ60 ከመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

3. ለግድግዳ ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራውን፣ ጥጥ የሚመስለውንና የማይነደውን ሮክ ዉል መጠቀም። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፍሬም ውስጥ አስገብቶ፣ እሳት በሚቋቋምና አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቆ መስቀል። ክፍተቱ አየር ያሳልፋል፤ ወፍራሙን ድምፅ ለመምጠጥም ያግዛል። ሲቆረጥ ጓንትና ማስክ ያስፈልጋል። ከውዱእ ቦታው ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ ግን አይሰቀል።

4. ሻጩ «እሳት አይዘውም» ካለ የፍተሻ ወረቀቱን መጠየቅ። ወረቀት ከሌለው አለመግዛት።

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው። ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች ሜትር ይዘን የምንሰግድበትን መስጂድ ብንለካና ስሌቱን ለመስጂዱ ኮሚቴ ብናቀርብ ወጪው የአንድ ከሰዓት ጊዜ ብቻ ነው። ስፖንጅ የተለጠፈበት መስጂድ ካለ ደግሞ ስሌቱን ሳንጠብቅ ዛሬውኑ በአደብ እንንገራቸው።

አላህ የሚጠቅመንን ዒልም ይስጠን፤ በተማርነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።